የሻይ ቤት ሒሳብና የመጀመሪያው የንግድ ኮምፒዩተር

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ዛሬ በባንክ፣ በአየር መንገድ፣ በሐኪም ቤት፣ በፋብሪካና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ኹሉ ገብቶ የሰውን የጽሕፈትና የሒሳብ ድካም የተሸከመው ኮምፒዩተር፣ ወደ ንግዱ ዓለም የገባው በየትኛው በር እንደ ኾነ መርምሮ ማወቅ ይጠቅማል። ይህን ጥያቄ የተጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድም የጦር ሚኒስቴርን፣ አንድም ታላቅ የኤሌክትሪክ ፋብሪካን ይጠራል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ለንግድ ቤት የዘወትር ሥራ ያገለገለውን የመጀመሪያ ኮምፒዩተር አሠርቶ ሥራ ያስጀመረው፣ ለሎንዶን ሕዝብ ሻይና ኬክ ይሸጥ የነበረ አንድ ኩባንያ ነው። አንባብያን ሆይ፣ ይህን ታሪክ ልናቀርብላችኹ የፈለግነው ለመደነቂያ ብቻ አይደለም፤ በፍጻሜው ላይ ንጹሓን ሰዎችን እስከ ወኅኒ ቤት ያደረሰ ብርቱ ጕዳይ ስላለበት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መኾናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የኩባንያው ስም ጄ. ላየንስ ይባላል። የመጀመሪያውን ሻይ ቤት በ1894 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ በፒካዲሊ ጐዳና ከፈተ። ጥሩ ሻይ በርካሽ ዋጋ፣ በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ፣ በጨዋ አስተናጋጅ እጅ ማቅረቡ ለቢሮ ጸሓፊውም፣ ለሱቅ ሠራተኛዪቱም፣ ከገጠር ለመጣውም እንግዳ ስለ ተስማማ፣ ሻይ ቤቶቹ እየተራቡ ኼደው ከ200 በላይ ኾኑ። በምዕራብ ሎንዶን፣ በሐመርስሚዝ ሰፈር፣ ካድቢ ሆል በሚባለው ዋና መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ዳቦና ኬክ ይጋገራል፤ አይስክሬምና የታሸገ ሻይም ለሱቅ ኹሉ የሚያከፋፍል ታላቅ ድርጅት ነበረ።

እንግዲህ የችግሩን ሥር ተመልከቱ። አንድ ባንክ ብዙ ሺሕ ፓውንድ ሲያበድር በመዝገቡ ላይ የሚጽፈው ጥቂት መስመር ነው። ሻይ ቤት ግን ያንኑ ያህል ገንዘብ ለማግኘት እልፍ አእላፍ ስኒ መቅዳት፣ ለእያንዳንዱም ስኒ ደረሰኝ መጻፍ፣ ደረሰኙንም መደመር አለበት። ትርፉ ከሣንቲም የማይበልጥ ነገር የሚጠይቀው የጽሕፈት ሥራ፣ ትርፉ ብዙ የኾነ ነገር ከሚጠይቀው አያንስም። በዚያ ላይ የእንግሊዝ ገንዘብ በዚያን ዘመን እንደ እኛ ብር በመቶ የሚከፈል አልነበረም፤ 12 ፔንስ አንድ ሽልንግ፣ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ ይኾን ነበር። ይህ አቈጣጠር እስከ 1971 ዓ.ም. ቈይቷል። ስለዚህ በካድቢ ሆል አዳራሾች ውስጥ በረድፍ ተቀምጠው ከጧት እስከ ማታ ሽልንግና ፔንስ ሲደምሩ የሚውሉ ጸሓፊዎች፣ አብዛኞቹም ወጣት ሴቶች፣ በመቶ የሚቈጠሩ ነበሩ። የታሪክ መጻሕፍት የመሐንዲሶቹን ስም ሲዘረዝሩ የእነዚህን ሴቶች ስም አያነሡም፤ ኾኖም ኮምፒዩተሩ በኋላ የሠራው ሥራ ኹሉ አስቀድሞ በእነርሱ እጅ የተሠራ መኾኑን መዘንጋት አይገባም።

በ1923 ዓ.ም. ሚስተር ጆን ሲመንስ የሚባሉ፣ በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የተማሩ ወጣት በላየንስ ተቀጠሩ። እኚህ ሰው የቢሮ ሥራ እንደ ማንኛውም ዕውቀት ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው የሚል አሳብ ነበራቸው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ የቢሮ አሠራርን ብቻ የሚያጠና ክፍል በኩባንያው ውስጥ አቋቋሙ። የዚህ ክፍል ሰዎች ሥራቸው መጠየቅ ነበር። ይህ ቅጽ ለምን ይሞላል? ማን ያነበዋል? ሳይሞላ ቢቀር ምን ይጐድላል? አንዱ ጸሓፊ የደመረውን ሌላው እንደ ገና የሚደምረው ስለ ምንድን ነው? እያሉ እያንዳንዱን ወረቀት ከተጻፈበት ጠረጴዛ እስከ ተቀመጠበት ሣጥን ድረስ ይከተሉት ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተር የሚባል መሣሪያ በዓለም ላይ አልነበረም። በእኛ አስተያየት የነገሩ ኹሉ መሠረት ይህ ነው። ላየንስ መኪናውን ከማግኘቱ ከ15 ዓመት ያላነሰ አስቀድሞ፣ ለመኪናው የሚሰጠውን ሥራ ጠንቅቆ ዐውቆት ነበር።

ከኹለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ ሚስተር ሲመንስ ሬይመንድ ቶምሰንንና ኦሊቨር ስታንዲንግፎርድን የአሜሪካንን የቢሮ አሠራር አይተው እንዲመጡ ላኳቸው። ኹለቱ መልእክተኞች በአሜሪካ ቢሮዎች ውስጥ ያዩት ነገር እምብዛም አላስደነቃቸውም፤ ከላየንስ የሚበልጥ ዘዴ ጥቂት ነበር። ነገር ግን ለጦር ሠራዊት የመድፍ ጥይት ሒሳብ የሚያሰላ ኤኒያክ የተባለ የኤሌክትሮኒክ መኪና መሠራቱን ሰምተው ነበርና፣ ከሠሪዎቹ አንዱ የነበሩትን ዶክተር ኸርማን ጎልድስታይንን ለማየት ወደ ፕሪንስተን ኼዱ። ጎልድስታይን የሻይ ቤት ሰዎች የኾኑት እንግዶቻቸው የሚሉት ነገር ወዲያው ገባቸው። ከዚያም አንድ የሚያስቅ ነገር ነገሯቸው፤ በአገራችኹ በእንግሊዝ፣ ከሎንዶን በማይርቀው በኬምብሪጅ ይህንኑ መኪና የሚሠሩ ሊቃውንት አሉ፤ ለምን ወደዚያ አትኼዱም? አሏቸው። መልእክተኞቹ ደጃቸው ያለውን ነገር ለማወቅ አትላንቲክን መሻገር ግድ ኾነባቸው።

በኬምብሪጅ ዶክተር ሞሪስ ዊልክስ ኤድሳክ የሚባለውን ኮምፒዩተር በመሥራት ላይ ነበሩ፤ ገንዘባቸው ግን አነስተኛ ነበር። የላየንስ ሹማምንትም ጥቂት ሺሕ ፓውንድ ረድተው፣ ከኩባንያው የኤሌክትሪክ ዐዋቂዎች አንዱን፣ ሚስተር ኧርነስት ሌናርትስን፣ ሥራውን እየረዳ ዕውቀት እንዲቀስም ላኩላቸው። ዩኒቨርሲቲው ገንዘብና ሰው አገኘ፤ ኩባንያውም የመኪናውን ንድፍ አገኘ። ሜይ 6 ቀን 1949 ዓ.ም. ኤድሳክ የመጀመሪያ ሥራውን ሠርቶ የቍጥሮችን ካሬ ሰንጠረዥ ባተመ ጊዜ፣ ላየንስ የራሱን መኪና ለመሥራት ቈረጠ።

ሊሠሩለት የሚችሉ ድርጅቶች በመታጣታቸው ራሱ ለመሥራት ተነሣ። በጦርነቱ ጊዜ በራዳር ሥራ ላይ የነበሩት፣ በኋላም በኬምብሪጅ የተማሩት ዶክተር ጆን ፒንከርተን ዋና መሐንዲስ ኾኑ። የመኪናውም ስም ሊዮ ተባለ። ይህ ስም የላየንስ ኤሌክትሮኒክ ቢሮ ከሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ የመጀመሪያ ፊደሎች የተገጠመ ሲኾን፣ በላቲን ቋንቋ ደግሞ አንበሳ ማለት ነው። ሊዮ በእውነትም ለዐይን የሚያስፈራ ነበር። አንድ ሰፊ አዳራሽ የሞላ፣ 6,000 ገደማ ቫልቮች ያሉት መኪና ነበር፤ ቫልቭ ማለት በጥንቱ ሬዲዮ ውስጥ ቀይ ኾኖ ይበራ የነበረው የመስተዋት ጠርሙስ ነው። የማስታወሻው ኀይል በሜርኩሪ በተሞሉ 64 ረጃጅም ቱቦዎች ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ቍጥሩ ወደ ድምፅ ሞገድ ተለውጦ በሜርኩሪው ውስጥ ይጓዛል፤ ወዲያኛው ጫፍ ሲደርስ ተይዞ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይላካል፤ እንዲህ እየተመላለሰ ሳይጠፋ ይኖራል። ይህ ኹሉ ተደምሮ የሚይዘው ነገር ከ9 ኪሎባይት አይበልጥም ነበር። ዛሬ በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ስልክ ከሚያነሣው ከአንዲት ፎቶግራፍ እጅግ ያነሰ መኾኑ ነው።

ስድስት ሺሕ ቫልቮች ያሉት መኪና፣ ከእነርሱ አንዱ በደከመ ጊዜ ኹሉ የተሳሳተ ሒሳብ ሊሰጥ ይችላል። ለሳይንስ ሊቅ ይህ ትልቅ ችግር አይደለም፤ ነገ ደግሞ ይሠራዋል። ዐርብ ዕለት ደመወዝ ለሚጠብቅ ሠራተኛ ግን ነገ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ አንድ ብልሃት ተጠቀሙ። ሥራ ሳይጀመር የኤሌክትሪኩን ኀይል ኾን ብለው ከልኩ ዝቅና ከፍ ያደርጉታል፤ በዚያን ጊዜ ሊበላሽ የተቃረበው ቫልቭ ይሰናከላል፤ እርሱን አውጥተው ደኅናውን ይተካሉ። መኪናው በሥራ ላይ ሳለ ከሚያሳፍር፣ ሥራ ሳይጀምር ቢጋለጥ ይሻላል ማለታቸው ነው። ሌላም ፈተና ነበረባቸው። መረጃውን ወደ መኪናው ለማስገባትና ለማስወጣት ታስቦ የነበረው የማግኔት ቴፕ አልሠራ ብሎ ብዙ ጊዜ ካባከነ በኋላ ተትቶ፣ በተበሳ ካርድና በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ተተካ።

በሴፕቴምበር 1951 ዓ.ም. ለሙከራ፣ በኖቬምበር መጨረሻ ደግሞ ሙሉ በሙሉ፣ ሊዮ የመጀመሪያውን የንግድ ሥራ ተረከበ። ሥራውም የዳቦ መጋገሪያዎቹ ግምት ነበር። በሳምንቱ የተጋገረውን የዳቦ፣ የኬክና የፓይ ዐይነት ኹሉ ከነዋጋው አስልቶ፣ ወደ ሻይ ቤት፣ ወደ ምግብ ቤትና ወደ ሱቅ የተላከው ዕቃ ስንት እንደሚያወጣ ማስታወቅ ነው። ሥራው ያን ያህል የሚያጓጓ አልነበረም፤ የተመረጠውም ስለ ቀለለና ቢሳሳት ማንንም ስለማይጐዳ ነበር።

የሚያስፈራው ሥራ የደመወዝ ሒሳብ ነበር። በዚህ ረገድ ሚስተር ዴቪድ ካሚነርን ማስታወስ ይገባናል። በ1936 ዓ.ም. በላየንስ የተቀጠሩ፣ በጦርነቱ ጊዜ በቱኒዚያ ግንባር አንድ እግራቸውን ያጡ፣ በጠባያቸውም ስሕተትን ፈጽሞ የማይታገሡ ሰው ነበሩ። ለሊዮ ትእዛዝ የሚጽፉት ሰዎች አለቃ እርሳቸው ነበሩ። የአንድን ሠራተኛ ደመወዝ ለማውጣት የሠራበትን ሰዓት፣ ተጨማሪውን ሰዓት፣ የመንግሥቱን ግብር፣ የኢንሹራንሱን መዋጮ፣ የቀረበትንና የታመመበትን ቀን መመልከት ያስፈልጋል። የሠለጠነ ጸሓፊ ለዚህ 8 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ሊዮ በ1 ሴኮንድ ተኩል ጨረሰው።

ፍጥነቱን ኹሉም ይጠቅሰዋል። እኛ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ጥንቃቄውን እናደንቃለን። ካሚነርና ረዳቶቻቸው ካወጡት ሥርዐት አንዱ፣ ማንም ሰው የጻፈው ትእዛዝ በሌላ ሰው ዐይን መስመር በመስመር ሳይነበብ ወደ መኪናው እንዳይገባ የሚል ነበር። በ1952 ዓ.ም. የተቀጠሩት ወይዘሪት ሜሪ ብለድ፣ በኋላ ወይዘሮ ሜሪ ኩምስ የተባሉት፣ ለንግድ ሥራ የኮምፒዩተር ትእዛዝ የጻፉ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሲኾኑ፣ የሌሎችን ሰዎች ሥራ እየመረመሩ ስሕተት በማውጣትም የታወቁ ነበሩ። በዩኒቨርሲቲ የተማሩት ፈረንሳይኛ እንጂ ሒሳብ አልነበረም። ከዚህም በላይ መኪናው የሚሰጠው ድምር በሌላ መንገድ ከተገኘ ድምር ጋር መስማማት ነበረበት፤ ካልተስማማ ሥራው ይቆማል። በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ የደመወዙ ሥራ ሲጀመርም፣ ጸሓፊዎቹ ያንኑ ሒሳብ ጐን ለጐን በእጃቸው እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር። ይህም ማለት መኪናው በጸሓፊዎቹ ፊት ቀርቦ እውነተኛነቱን እስኪያስመሰክር ድረስ አልታመነም ማለት ነው።

ከኹሉ የሚያምረው ሥራ ግን የሻይ ቤቶቹ የዕለት ትእዛዝ ነው። በ1954 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ዘዴ እንዲህ ነበር። እያንዳንዷ የሻይ ቤት ኀላፊ፣ ለሰኞ ይህን ያህል ዳቦ፣ ለማክሰኞ ይህን ያህል ኬክ እያለች ቋሚ ትእዛዝዋን አስቀድማ ታስመዘግባለች፤ ይህም በካርድ ላይ ተበስቶ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ረጅም ዝርዝር መጻፏ ይቀራል። ዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ ሲጠይቃት ከቋሚው የተለወጠውን ብቻ ትናገራለች። ነገ ዝናም ሊኾን ነውና አይስክሬሙ ይቀነስ፣ ሾርባው ይጨመር እንደ ማለት ነው። በስልኩ ጫፍ ያለችው ሠራተኛ በጆሮዋ እየሰማች በእጅዋ ካርድ ትበሳለች፤ ሊዮም የጋገሪውን፣ የጫኚውንና የሒሳብ ሹሙን ወረቀት አዘጋጅቶ ያወጣል። ዛሬ አውቶሜሽን ሲባል ሰውን ፈጽሞ ከሥራ የሚያስወጣ መስሎ ይሰማል። በዚህ ዘዴ ግን ዝናሙን የምታየው፣ የደንበኛዋን ጠባይ የምታውቀው ሴት በቦታዋ አለች፤ የተወሰደባት የመገልበጡ ድካም ብቻ ነው።

የሊዮ ዝና ከዳቦው አልፎ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ደረሰ። የጦር መሣሪያ ቦርድ የጥይት አካሄድ አሰላበት፤ የሜቴዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የአየር ጠባይ ትንበያ ምርምር አደረገበት፤ የግብር መሥሪያ ቤት የበጀቱ አዋጅ ሲወጣ የሚለወጠውን የግብር ሰንጠረዥ አሠራበት፤ የፎርድ መኪና ፋብሪካ ደመወዝ ከፈለበት። የባቡር ሐዲድ አስተዳደርም በሺሕ በሚቈጠሩ ጣቢያዎች መካከል ያለውን አጭሩን ርቀት አስወጣበት። በዚህ ምክንያት ላየንስ በ1954 ዓ.ም. ሊዮ ኮምፒዩተርስ የሚባል ልዩ ኩባንያ አቋቁሞ ሊዮ 2ን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሊዮ 3ን እየሠራ ለሽያጭ አቀረበ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤትም ከገዢዎቹ አንዱ ኾኖ፣ እነዚሁ መኪናዎች እስከ 1981 ዓ.ም. የስልክ ሒሳብ ሲያዘጋጁ ቈይተዋል።

ይኹን እንጂ ሻይ ሻጭ፣ ኮምፒዩተር ለመሥራት የሚጠይቀውን ወጪ ለዘለቄታው ሊችለው አልቻለም። ከወዲያ ማዶ አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካን ኩባንያ በብዙ ገንዘብና በብዙ ሻጮች መጣ። በ1963 ዓ.ም. ሊዮ ከእንግሊሽ ኤሌክትሪክ ጋር ተቀላቀለ፤ በ1968 ዓ.ም. ይህም ድርጅት ከሌሎች ጋር ተጣምሮ አይ ሲ ኤል የሚባለው ታላቅ ኩባንያ ተፈጠረ። በ1990 ዓ.ም. የአይ ሲ ኤልን አብዛኛውን ድርሻ የጃፓኑ ፉጂትሱ ገዛው። የመጀመሪያው ሊዮ ራሱ በ1965 ዓ.ም. ሥራውን አቁሞ ነበር።

አኹን ወደ ተነሣንበት ጕዳይ እንመለስ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት በአገሩ ኹሉ ላሉት ቅርንጫፎቹ ሆራይዘን የሚባል የኮምፒዩተር ሒሳብ ዘረጋ። ሠሪው አይ ሲ ኤል፣ በኋላም ፉጂትሱ ነበር። ከሊዮ ሰዎች ጋር ያለው ዝምድና የኩባንያ ውርስ እንጂ የእጅ ሥራ ውርስ አይደለም፤ ይህን በቅንነት መናገር ይገባል። ብዙዎቹ ቅርንጫፎች በመንደር ሱቅ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ፖስታ ቤቶች ናቸው፤ የሚያስተዳድሯቸውም ሰዎች ሒሳቡ ቢጐድል ከኪሳቸው እንዲተኩ በውል የታሰሩ ነበሩ። ሆራይዘን ያልጠፋን ገንዘብ ጠፍቷል ይል ጀመር። ባለሱቆቹ፣ ኧረ እኛ አልወሰድንም፤ መኪናው ተሳስቷል ብለው ቢጮኹ የሚሰማቸው አጡ። እንዲያውም ለብዙዎቹ፣ ይህ ችግር የገጠመህ አንተ ብቻ ነህ ተባሉ። ከ1999 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና ሒሳብ በማዛባት ወንጀል ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ፤ ቤታቸውን የሸጡ አሉ፤ በመንደራቸው ሌባ ተብለው የተሰደዱ አሉ፤ በሐዘን ሕይወታቸውን ያጠፉም እንዳሉ በመንግሥት በተቋቋመው ምርመራ ተገልጧል።

ይህ እንዴት ሊኾን ቻለ? አንደኛው ምክንያት ከሕጉ ዘንድ ይገኛል። ቀድሞ በእንግሊዝ የኮምፒዩተር ወረቀት በወንጀል ችሎት ማስረጃ ኾኖ እንዲቀርብ፣ መኪናው በደኅና ይሠራ እንደ ነበር አቅራቢው ማስረዳት ነበረበት። ይህ ድንጋጌ በ1999 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ተቃራኒ ማስረጃ ካልመጣ በቀር ኮምፒዩተሩ በትክክል ይሠራል ተብሎ ይገመታል። የመንደር ባለሱቅ ደግሞ በሩቅ የተቀመጠ መኪና መሳሳቱን በምን ያስረዳል? በሊዮ ዘመን ማስረጃ የሚጠየቀው መኪናው ነበር፤ በሆራይዘን ዘመን ማስረጃ የሚጠየቀው ሰውየው ኾነ።

ባለሱቆቹ ተሰብስበው ከፖስታ ቤቱ ጋር በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተሟገቱ። በዲሴምበር 2019 ዓ.ም. ዳኛው ሆራይዘን ስሕተት የነበረበት መኾኑን፣ የሠሪው ኩባንያ ሰዎችም ከሩቅ ኾነው የቅርንጫፎቹን ሒሳብ ሊለውጡ ይችሉ እንደ ነበር በፍርድ አረጋገጡ። በኤፕሪል 2021 ዓ.ም. የይግባኝ ፍርድ ቤት የ39 ሰዎችን ፍርድ ሻረ፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው በልዩ ሕግ በመቶ የሚቈጠሩትን ነጻ አወጣ። በጃንዋሪ 2025 ዓ.ም. የእንግሊዝ የፍትሕ ሚኒስቴር፣ ኮምፒዩተር በትክክል ይሠራል የሚለው ግምት በወንጀል ችሎት ሊለወጥ ይገባ እንደ ኾነ ሕዝቡንና ሊቃውንቱን አሳብ ጠየቀ።

ሚስተር ካሚነር በ2008 ዓ.ም.፣ ወይዘሮ ሜሪ ኩምስም በ2022 ዓ.ም. ዐርፈዋል።